የክኒን ብልቃጡ ድምፅ

የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች አብጠርጥረው የሚያውቁት አንድ ድምፅ አለ። ብልቃጡ ቦርሳ ውስጥ ሲነቃነቅ ክኒኖቹ እርስ በርስ እየተጋጩ የሚያሰሙት ድምፅ። ታክሲ ውስጥ ይሰማል። ክፍል ውስጥ ይሰማል። ለበዓል አክስት ቤት የታደረ ዕለት፣ ቦርሳው ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዛወር ይሰማል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። ለአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ግን ምስጢሯን ጎረቤት ሁሉ እየሰማ የሚያወራባት ይመስላታል።

ስለዚህ ብልቃጡን በጥጥ ትጠቀጥቀዋለች። ወይም ክኒኑን ሶፍት ላይ ገልብጣ ትጠቀልለዋለች። ካርቶኑን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፈንጠር ብላ ቀዳ ትጥለዋለች። ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥፍሯ ትልጠዋለች። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ይዛው አትሄድም። ክፍለ ሀገር የሦስት ቀን ለቅሶ ካለ ሦስት ቀን ተዘለለ ማለት ነው።

ከዚህ ድምፅ የጀመርኩት በኤችአይቪና በወጣቶች ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሳነብ ደጋግሞ ስለሚመጣብኝ ነው። "የዛሬ ልጆች ግድ የላቸውም፣ ቢነግሯቸውም አይሰሙም" የሚል አባባል አለ። ከወላጅ እንሰማዋለን፣ ከመምህር እንሰማዋለን፣ አልፎ አልፎ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰውም እንሰማዋለን። ጥናቶቹ ግን ጣታቸውን ወደ እኛ ነው የሚቀስሩት። ልጆቹ ለኑሯቸው የሚመች ነገር ሲቀርብላቸው ይወስዳሉ። እውነቱ ቁልጭ ብሎ ሲነገራቸው ይጠቀሙበታል። ብዙ ጊዜ የቀረባቸው ሁለቱም ነው።

ካልተሳካ ጥናት ልጀምር። በ2009 ቮይስ የሚባል ትልቅ ጥናት በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ተጀመረ። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ቫይረሱ የሌለባቸው 5,029 ሴቶች ተሳተፉ። ጥያቄው በየቀኑ ክኒን መዋጥ ወይም ጄል መጠቀም ኤችአይቪን ይከላከል እንደሆነ ማወቅ ነበር። ይኼ ፕሬፕ የሚባለው ነው፣ ሰው ሳይያዝ በፊት የሚወስደው መከላከያ።

ሴቶቹ ቀጠሯቸውን ጠብቀው ይመጡ ነበር። "ወስደሻል ወይ?" ሲባሉ "አዎ" ይላሉ። የመለሱት ክኒን ይቆጠራል፤ ቆጠራውም ከቃላቸው ጋር ይገጥማል። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። የደም ናሙናው ሲመረመር ግን መድኃኒቱ የተገኘው ቢበዛ በ30 በመቶው ውስጥ ብቻ ነው። ከሁሉ ያነሰ የወሰዱት ወጣቶቹና ያላገቡት ነበሩ። በቫይረሱ በብዛት የተያዙትም እነሱው ናቸው።

ውጤቱ በ2013 ይፋ ሲሆን ብዙ ሰው "ዋሹ" ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ከሴቶቹ የተወሰኑትን መልሰው ጠሩ። የደም ውጤታቸውን ፊት ለፊት አሳዩዋቸውና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ያኔ ወሬው ወጣ። ክኒኑ በሽተኞች ከሚወስዱት ጋር አንድ ነው። ፍቅረኛ ቢያየው "ታመሻል እንዴ?" ይላል፤ ወይም "እኔን አታምኚኝም ማለት ነው" ይላል። እናት ቢያዩት ሌላ ጣጣ ነው። ሰፈሩ ያወራል። ጤነኛ ሆኖ መድኃኒት መዋጥ ራሱ ግራ ያጋባል። ለምን እንዲህ አላላችሁም ሲባሉ ደግሞ፣ የጤና ባለሙያዎቹን ማሳዘን አልፈለጉም። ከጥናቱ እንዳይወጡም ፈርተው ነበር።

ሳስበው የማንኛችንም እህት እንዲሁ ታደርግ ነበር።

አሁን ወደ 2024 ልዝለል። በሰኔ ወር ፐርፐስ 1 የሚባለው ጥናት የመጀመሪያ ውጤት ይፋ ሆነ። የተካሄደው በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ነው። የተሳተፉት ከ16 እስከ 25 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች ናቸው። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች መግባታቸውን ልብ በሉልኝ። ብዙ የመድኃኒት ጥናት ከ18 በታች ያሉትን "ኋላ እናያለን" ብሎ ይተዋል። ከዚያ መድኃኒቱ ለአዋቂ ይፈቀድና ልጆቹ ዓመታት ይጠብቃሉ። እዚህ ግን ከመጀመሪያው አብረው ገቡ።

የተፈተነው ሌናካፓቪር የሚባል መርፌ ነው። ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚዋጥ ክኒን አለው፤ ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ መርፌ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ከቆዳው ሥር ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። የሚያጠቃው ቫይረሱ የዘር ቁሱን ጠቅልሎ የሚይዝበትን ቅርፊት ነው።

መርፌውን የወሰዱት 2,134 ነበሩ። ከእነሱ መካከል በኤችአይቪ የተያዘች አንዲትም አልነበረችም። ዜሮ። ትሩቫዳ የሚባለውን የዕለት ክኒን ከተሰጣቸው 1,068 ውስጥ 16 ተያዙ። ዴስኮቪ የሚባለውን አዲሱን ክኒን ከተሰጣቸው 2,136 ውስጥ ደግሞ 39 ተያዙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፕሮፌሰር ሊንዳ ጌይል ቤከር ውጤቱን ሙኒክ ላይ ስታቀርብ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ክኒኖቹ ደካማ ስለሆኑ አይደለም። በአግባቡ ለዋጣቸው ሰው ይሠራሉ። ችግሩ ያው የቮይስ ችግር ነው። አብዛኞቹ ወጣቶች ክኒኑን አልዋጡም። መርፌው ግን ቦርሳ ውስጥ አይንቀጫቀጭም። ማንም አያየውም። በዓመት ሁለቴ ክሊኒክ ብቅ ማለት ነው። በቀጠሯቸው መጥተው የተወጉት ከ10 ሴቶች 9ኙ ያህል ነበሩ። እነዚህ እንግዲህ "ግድ የላቸውም" የሚባሉት ልጆች ናቸው። አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ሰፈር። የተለወጠው ያቀረብንላቸው ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። አሜሪካ በሰኔ 2025 መርፌውን ለመከላከያ ፈቀደች። የዓለም ጤና ድርጅትም በማግሥቱ ወር ኪጋሊ ላይ እንዲሰጥ መከረ። አምራቹ ጊሊያድ ለ120 አገሮች ርካሽ ምርት እንዲመረት ለ6 ፋብሪካዎች ፈቃድ ሰጥቷል። ኢትዮጵያም ጊሊያድ ቅድሚያ እንሰጣቸዋለን ካላቸው 18 አገሮች አንዷ ናት። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሰው የዓመት ዋጋው ከ28,000 ዶላር በላይ ነው። ከ2027 ጀምሮ ለድሃ አገሮች በዓመት በ40 ዶላር ገደማ እንደሚቀርብ ተነግሯል። ኤድስን ለመዋጋት ለአገሮች ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ ፕሮግራም የሆነው ፔፕፋር በ3 ዓመት ለ2 ሚሊዮን ሰው ለማድረስ ተስማምተዋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት በራሱ በኩል ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ቅድሚያ እንደሚሰጥ አስታውቋል። እናቶቹ ይገባቸዋል፤ ክርክር የለኝም። ግን ጥናቱ የተሠራው በማን ላይ ነው? የ17 ዓመቷ ልጅ ጥበቃ ለማግኘት መጀመሪያ ማርገዝ አለባት ማለት ነው? ግሎባል ፈንድ እንዲህ ያለ ገደብ አላስቀመጠም። አገሮች የራሳቸውን ዝርዝር ሲያወጡ ይህችን ልጅ እንዳይረሷት ነው የምለው።

መርፌው አንዱን ነገር ይፈታል። የማይፈታው ሌላ አለ።

በእኛ 1990ዎቹ ትምህርት ቤት የነበረ ሰው የፀረ-ኤድስ ክበብን ያስታውሳል። ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት ይጮኻል። ግጥም ይነበባል። ድራማ ይሠራል፤ በድራማው መጨረሻ ታማሚው ይሞታል። "መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም" የሚለውን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላችን እንወጣው ነበር። ያ ዘመን የሠራውን ሥራ አላቃልልም። ብዙ ሰው አትርፏል። ግን ማን ከማን ይይዘዋል የሚለውን በግልጽ የነገረን አልነበረም። ኤችአይቪ እንደ ዝናብ ለሁሉም እኩል የሚወርድ ይመስለን ነበር።

ኬንያ ውስጥ ፓስካሊን ዱፓ የምትባል የኢኮኖሚ ተመራማሪ ይህን ጉዳይ ፈተነችው። ይህን ጥናት በጣም ነው የምወደው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ቦታው ምዕራብ ኬንያ ነው። ጥናቱ 328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ይዟል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ውስጥ መምህራን የመንግሥትን የኤችአይቪ ትምህርት እንዲያስተምሩ ሠለጠኑ። ትምህርቱ በአጭሩ "እስክታገቡ ታቀቡ" ነው። በ71 ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሌላ ነገር ተደረገ። አንድ ከውጭ የመጣ ሰው 8ኛ ክፍል ይገባል። መምህሩ ይወጣል። ተማሪዎቹ በትልልቅ ወንዶችና በልጃገረዶች ግንኙነት ላይ የተሠራ አጭር ፊልም ያያሉ። ከዚያ ያወራሉ። ወዲያው እንግዳው ጠመኔ ያነሳና ኪሱሙ ከተማ ውስጥ በየዕድሜው ስንት ወንድና ስንት ሴት ቫይረሱ እንዳለበት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሁሉም ነገር 40 ደቂቃ ነው።

ሰሌዳው ላይ የታየው ይህ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ዘንድ ቫይረሱ እምብዛም የለም። ዕድሜያቸው 25 ያለፈ ወንዶች ዘንድ ግን ብዙ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ይህን አያውቁም ነበር። እንዲያውም ትልቅ ሰው የሚሻል ይመስላቸው ነበር፤ የረጋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ዱፓ ስንት ልጃገረዶች እንደወለዱ ቆጠረች። ያን 40 ደቂቃ ያገኙት ዘንድ ወሊድ በ28 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከ5 ዓመት በላይ ከሚበልጧቸው ወንዶች መውለድማ በ61 በመቶ ነው የቀነሰው። "ታቀቡ" የሚለው የመምህራኑ ሥልጠና ግን በወሊድ ላይ ለውጥ አላመጣም።

እውነቱን ሙሉ ልናገር። ልጃገረዶቹ መነኩሴ አልሆኑም። ከእኩዮቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት አልቀነሰም፤ በራሳቸው ቃል ጨምሯል። ያደረጉት ነገር ትልልቆቹን ወንዶች መተው ነው። የትኛው አደጋ የበለጠ እንደሆነ ሲያውቁ መረጡ። አንዳንድ አንባቢ ይህ ላይዋጥለት ይችላል። እኔም የ15 ዓመት ልጄ ብትሆን ከሁለቱም ብትርቅልኝ እመርጣለሁ። ግን "ታቀቢ" ብቻ የተባለችው ልጅ ከሹገር ዳዲ አልራቀችም። ሰሌዳውን ያየችው ራቀች።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው በኋላ በቫይረሱ የዘር ምርመራም ተረጋግጧል። በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ውስጥ ተመራማሪዎች ቫይረሱ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ከዘር ቁሱ ተነስተው ፈለጉ። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች ቫይረሱን ያገኙት በአማካይ 9 ዓመት ገደማ ከሚበልጧቸው ወንዶች ነው። እነዚያ ወንዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ እኩያቸው የሆነች ሚስት ወይም ወዳጅ አለቻቸው። ልጅቷ ታድጋለች፣ እሷም በተራዋ ትዳር ትይዛለች፣ ሰንሰለቱም ይቀጥላል።

የእኛስ ልጆች ምን ያውቃሉ? በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ስለ ኤችአይቪ በቂ እውቀት ያላቸው 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወንዶቹ 39 በመቶ። ከአራት ልጃገረድ አንዷ ማለት ነው። በዚያው ጥናት አገር አቀፍ ስርጭቱ 0.9 በመቶ ነው፤ ከተማ ላይ ግን 2.9፣ ጋምቤላ 4.8፣ አዲስ አበባ 3.4። "ኤድስ ድሮ ቀረ" የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የሚያስፈራው ማስታወቂያ ጠፍቷል፤ ሰውም እንደ ድሮው አልጋ ላይ አይወድቅም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከ100 ሰው ከ3 በላዩ ዘንድ የነበረ ነገር ድሮ ቀረ አይባልም።

እስካሁን ያወራሁት ቫይረሱ ስለሌለባቸው ልጆች ነው። አሁን ቫይረሱን ይዘው ስለተወለዱት ላውራ። ልቤን የሚነካው ይኼኛው ነው።

በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ቫይረሱን ይዞ ከተወለደ ሕፃን ብዙው ሁለተኛ ዓመቱን አያይም ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ ልጆቹ አደጉ። ትምህርት ቤት ገቡ። ጢም አወጡ፣ ጡት አወጡ። ቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር ሳይነገር ቀረ።

በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒቱን የሚወስዱ 390 ልጆችን ተመለከተ። ከእነሱ መካከል ቫይረሱ እንዳለባቸው የሚያውቁት 68 ነበሩ። ብዙዎቹ ከ10 ዓመት በታች መሆናቸው እውነት ነው። ቢሆንም 322 ልጆች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ መድኃኒት ይውጡ ነበር።

ምን ተብለው ይውጣሉ? "የሳንባ ነው።" "የልብ ነው።" "ቫይታሚን ነው፣ ያሳድግሃል።" አንዲት እናት ለልጇ "የቶንሲል ነው" ብትለው ምን ዓይነት ቶንሲል ነው ዓመቱን ሙሉ የሚታከመው? ልጅ ሞኝ አይደለም። እህቱ ለምን እንደማትውጥ ያያል። እናቱ ክሊኒክ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ እንደምታደርግ ያያል። ዘመድ ሲመጣ ብልቃጡ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ያያል። ከዚያ አንድ ቀን ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ መምህሩ ስለ ኤችአይቪ ሲያስተምር ይሰማል። ወይም የብልቃጡን ስም ስልክ ላይ ይጽፈዋል። ውጤቱ በ3 ሰከንድ ይመጣል። ብቻውን ሆኖ፣ ሽንት ቤት ተቆልፎ፣ በማያውቀው ሰው ጽሑፍ ያነበዋል።

እናትየዋን ግን አትፍረዱባት። "ለሰው ይናገርብኛል" ብላ ትፈራለች፤ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ቤት ኪራይም ሊቀርባት ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዲት ጥያቄ አለች። ልጁ "እንዴት ያዘኝ?" ይላል። መልሱ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ማርገዟን፣ ማጥባቷን፣ አባቱን፣ ሁሉንም ነገር ይዞ ይመጣል። እናት ለዚህ ጥያቄ ዓመታት ትዘጋጅና ሳትዘጋጅ ትቀራለች። አሳዳጊዋ አያት ከሆነች ደግሞ የሞተች ልጇን ስም ላለማንሳት ትል ዝም ትላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ያወጣው መመሪያ ልጆች ለትምህርት ከደረሱ በኋላ የራሳቸውን ሁኔታ እንዲያውቁ ይመክራል። ከዚያ በታች ላሉት እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ። አንድ ቀን አስቀምጦ እንደ መርዶ ማርዳት አይደለም። የሕፃናት ኤአርቲ (የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና) ክሊኒክ የሚሠሩ ነርሶችና አማካሪዎች ይህን የሚያደርጉበት ዘዴ አላቸው። ለ6 ዓመት ልጅ ወረቀት ላይ ሰው ይሥሉለታል። "ደምህ ውስጥ ወታደሮች አሉ፤ ከበሽታ ይጠብቁሃል" ይሉታል። "ደግሞ አንድ ክፉ ጀርም አለ። መድኃኒቱ ያስተኛዋል። ካልዋጥክ ይነቃና ወታደሮቹን ይበላል።" ስሙ ገና አልተጠራም። ግን የተነገረው ሁሉ እውነት ነው። ልጁ 9 ወይም 10 ሲሆነው ያው ታሪክ ላይ ሁለት ስም ይጨመራል። ወታደሮቹ ሲዲ ፎር ይባላሉ። ጀርሙ ኤችአይቪ ይባላል። ልጁ ታሪኩን ቀድሞ ስለሚያውቀው መሬት አይከዳውም። አልተዋሸም፤ የቀረው ስም ብቻ ነበር።

ልጆቹ በዚያ ሰዓት ቶሎ የሚጠይቁት "እሞታለሁ ወይ?" ብለው ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ ከዋጥክ እንደ ማንም ሰው ታረጃለህ፤ መልሱ ይህ ነው። እንደ ዶሉቴግራቪር ያሉ የአሁኖቹ መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚዋጡ፣ የቫይረሱን መጠን ቶሎ የሚያወርዱ ናቸው። ወደ 16ና 17 ሲደርሱ ጥያቄው ይቀየራል። "ማን ያገባኛል?" "ልጅ እወልዳለሁ?" ለዚህም የተጠና መልስ አለ። ፓርትነር የተባለው የአውሮፓ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ተከታተለ። በመድኃኒቱ ቫይረሱ እጅግ ዝቅ ብሎላቸዋል፤ ኮንዶም አይጠቀሙም። ወደ 58,000 ግንኙነት ተቆጠረ። ቫይረሱ ካለበት ወደ ጥንዱ የተላለፈበት አንድም ጊዜ አልነበረም። በምርመራ ካልታየ በግንኙነት አይተላለፍም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለአንዲት የ17 ዓመት ልጅ አለመንገር እንዴት ያለ ግፍ እንደሆነ አስቡት። ከዚህ በላይ ብልቃጡን እንድትከፍት የሚያደርጋት ምን አለ?

ሕጉስ? የምርመራ መመሪያችን እዚህ ላይ ከብዙ ሰው አስተሳሰብ ቀድሞ ሄዷል። 15 ዓመት የሞላው ልጅ በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል። ከ13 እስከ 15 ያሉትም ካገቡ፣ ካረገዙ፣ ጎዳና ላይ ከሆኑ ወይም ቤተሰብ ከሚያስተዳድሩ እንዲሁ ነው። ብዙ ወጣት ይህን አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውም "እናትሽን ይዘሽ ነይ" ይላል። ልጅቷ እሺ ብላ ትወጣለች። አትመለስም።

ዚምባብዌ ውስጥ ዝቫንዲሪ የሚባል ፕሮግራም አለ። በሾና ቋንቋ "እንዲሁ እንዳለሁ" እንደማለት ነው። በ2004 ሐራሬ ላይ በጥቂት ወጣቶች የተጀመረ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች ይሠለጥናሉ፣ ትንሽ ክፍያ ያገኛሉ፣ ታናናሾቻቸውን በየቤታቸው ይጎበኛሉ። መልእክት ይልካሉ፣ ቀጠሮ ያስታውሳሉ፣ ከወላጅ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ። ቢንዱራና ሻምቫ በሚባሉ ወረዳዎች 16 ክሊኒኮችን ይዞ በተደረገ ጥናት ከ2 ዓመት ገደማ በኋላ ልዩነቱ ታየ። በተለመደው አገልግሎት ብቻ ከነበሩት ታዳጊዎች 36 በመቶው ወይ ቫይረሱ ከፍ ብሎባቸዋል ወይ ሞተዋል። በዝቫንዲሪ በኩል 25 በመቶ። አሁንም ብዙ ነው። ግን መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ክሊኒኩም ተመሳሳይ ነው። የተጨመረው እኩያ ነው። በ2020 ነው ውጤቱ የታተመው።

እኛም ጋ በኤአርቲ ክሊኒኮች ይህን የሚመስል ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ የሚረዱ የአድኸረንስ ደጋፊዎች፣ ታካሚዎችን የሚከታተሉ ኬዝ ማናጀሮች። በጥር 2025 የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ሲቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። መድኃኒቱ ከመደርደሪያ አልጠፋም፣ ተመስገን። ብዙ የዜና ዘገባም "መድኃኒት አለ" ብሎ ነው ያለፈው። ቀጠሮ ያለፋት ልጅ ጋ የሚደውለው ሰውስ? መዝገቡን ገልጦ "ይህች ልጅ ሁለት ወር አልመጣችም" የሚለው ማን ነው? የጠፋ ታካሚን በስልክና በእግር ፈልጎ መመለስ ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሰዎች እጅ የነበረ ሥራ ነው። አንዱ ነርስ 60 ሰው እያስተናገደ ይህን ልሥራ ቢል እንኳ ቀኑ አይበቃውም።

ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህ ሰው ይመስለኛል። በተለይ ለታዳጊዎች። ከሕፃናት ክሊኒክ ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ የምትሻገር ልጅ አለች። ከ5 ዓመቷ ጀምሮ ስሟን የምታውቀውን ነርስ ትታ፣ አባቷን የሚያካክሉ ሰዎች መሀል ወረፋ ትይዛለች። ያን ጠዋት አጠገቧ የሚቀመጥ፣ እሱም በጊዜው እዚያው ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ፣ ጥጡ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የ22 ዓመት ልጅ ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚጠይቃት ክኒን ስለ መዋጧ አይሆንም። ብልቃጡን የት እንደምትደብቀው ነው የሚጠይቃት።